የቀይዋ ደብተር

አሥራ ስምንት ሺህ ብር። ይኸው እዚህ ጋ ተጽፏል፣
የመጀመሪያው ገጽ ላይ፤ ቀለሙ ትንሽ ደብዝዟል።
«ከነሊብሬዋ፣ ከነቁልፏ፣ በበሬ ዋጋ ነው» አለኝ፤
ገብረየስ ሲስቅ ያምራል፣ እኔም ሳቅ አመለጠኝ።
ሙሴ ፓናዮቲ አገሩ ሲገባ ከዚራ ላይ ጥሏት፣
ከቡገንቪላው ሥር ጎማዋ ተንፍሶ አሥር ዓመት ያለፋት፣
ቀይ ፊያት፣ ባለ ሁለት ወንበር። እኛ ቤት አምስት ነፍስ አለ፤
«ሦስቱስ የት ይቀመጡ?» ስለው፣ «ተራ በተራ ነዋ!» አለ።

ካንዴላ፣ አራት። ባትሪ፣ አንድ። ሞተሪኖ ማስጠምጠሚያ።
ለጓርኒሲዮን ስድስት መቶ። ለኢብሳ፣ የሻይ፣ መቶ ሃያ።
ኢብሳ ግራ ጆሮውን ኮፋኖው ላይ ጥሎ ያዳምጣል፣
«ትንሽ ነገር ናት» ይልና ትልቁን መፍቻ ያመጣል።
ታይዋን ተራ መለዋወጫ ብንጠይቅ ተሳሳቁብን፣
«ሟቿ ስንት ዓመቷ ነበር?» እያሉ አስተዛዘኑን።
ያልተገኘውን ገብረየስ በቶርኖ ይቀርጸዋል ራሱ፣
ሠላሳ ዓመት ለምድር ባቡር ብረት ያረሰ ነው እሱ፤
አንዲት ቡሎን፣ ሦስት ሌሊት። የሌሊቱን ዋጋ አልጻፍኩም፣
በስንት እንደሚመነዘር ባሰላስልም አላወቅኩም።

የሸራ ጣሪያዋን ደግሞ የአሚናት ፍየል በልታ፣
ለጣሪያው ከፈልን፤ ለፍየሏም ከፈልን፣ ሆዷ ተነፍታ።

ቦሎ። ቀለም። ራዲያተር። ልጄ ጫማ ጠየቀችኝ፣
«ከቀይዋ በኋላ» አልኳት፤ ወዲያው ቃሌ አሳፈረኝ።
አንድ ሌሊት ደመርኩት፦ ስድስት በሬ፣ ከነቀንበሩ።
አሳየሁት። ጨርቅ ይዞ ወጣ፤ እሱ መብራቷ ላይ ነው ነገሩ።

ደንገጎን ወጥታ አታውቅም፤ ዳገቱ ወገብ ላይ ትፈላለች፣
በእንፋሎት ተከናንባ እንደ ሙሽራ ትቆማለች።
በጥቅምት አንድ ቅዳሜ ግን፣ ጫት አራግፎ የሚመለስ
አይሱዙ ጎትቶ አወጣን፣ ገመድ አስሮ፣ እስከ ጫፉ ድረስ።
ሦስት መቶ ብር። ገብረየስ አፍንጫዋን አዞረው ወደ ታች፣
ሞተር ሳያስነሣ ለቀቃት። መጀመሪያ ዝም አለች፣
ከዚያ ሄደች።

ድምፅ የለም። ጭስ የለም። የሚቃጠል ነዳጅ የለ፤
የቁልቋሉ ረድፍ በጎናችን እየሮጠ ኮበለለ።
ድሬ ከታች፣ ቆርቆሮዋ ሁሉ እንደ ሳንቲም ያበራል፣
ነጠላዬ ከትከሻዬ ተነሥቶ ወደ ሐረር ይበራል፤
ጆሮዬ ደነቆረ። በሃምሳ አራት ዓመቴ፣ እሰይ አልኩ፣ ጮህሁ፤
ሌላም ብያለሁ መሰለኝ። የፍሬኗን ነገር ረሳሁ።

ኬላው ጋ ስትደርስ አዘገመች፣ አዘገመች፣ ቆመች።
ቁልፉን ቢያዞር፣ ቢያዞር፣ እምቢ አሻፈረኝ አለች።
ፈታሾቹ ገፉልን።

ማታ ደብተሩን ከፈትኩ። ቀኑን ጻፍኩ፤ ብሩን፣ ሦስት መቶ።
«ምክንያት» ከሚለው ሥር እጄ ቆመ፣ ቃል አጥቶ።
«ጉተታ» ቢባል ያስኬዳል፤ ኢብሳም ይፈርማል እውነቱን፤
እኔ ግን «ለነፋስ» ብዬ ጻፍኩና ዘጋሁት ደብተሩን።

ሰኞ፦ ሞተሪኖ። እንደገና።