ተነፈሰች

ጎሚስታ ነኝ፤ ከሽንብጥ መታጠፊያ፤
አለኝ አንድ ጎድጓዳ ሳፋ፣ አንድ ያረጀ መንፊያ።
ሳይክል እየገፉ፣ ባጃጅ እየጎተቱ ሰዎች ይመጣሉ፤
ሰላምታ ሳይቀድም «ተነፈሰ» ይላሉ።
እና ይህ ቃል ለእኔ፣
መፍቻ ካነሣሁ ጀምሮ በዘመኔ፣
አንድ ትርጉም ነው ያለው፦
መንገድ ላይ የቀረ፣ ያልደረሰ ነው።

ያን ሌሊት ታዲያ
ነርሷ ከማዋለጃው ብቅ ብላ «ተነፈሰች» ስትል፣
እኔ ግድግዳውን ይዤ ቁጭ ስል፣
ዘበኛው ነው ያነሣኝ፣ በብብቴ ገብቶ፦
«ምን ሆነሃል ሰውዬ! አለች እኮ!» ብሎ ተቆጥቶ።

አለች። በስድስት ወር ከሁለት ሳምንቷ፣
ዘጠኝ መቶ ግራም፤ ገና ሳይሞላ ፊቷ፤
ካንድ ደህና ቆሮሶ ታንሳለች በሚዛን።
ትንግርት አልናት፤ ሌላ ስም አልመጣልን።

አርባ ሦስት ቀን ማሽን ተነፈሰላት፤
ያው ያኖራት አየር ሳንባዋን ጎዳባት።
ሐኪሙ ይህን ሲያስረዳኝ በዙሪያ ጥምጥም፣
እኔ ግን ገብቶኛል፤ አልጠየቅሁትም፤
ስስ ከመነዳሪ በግድ ሲነፉበት
ይነሣል፣ ይነሣል፤ ግን ጠባሳ ይቀራል የተለጠጠበት።

ደጊቱ ናት ያስተማረችኝ፣ የሆስፒታሉ ፊዚዮቴራፒስት፦
«መዳፍህን ጎድጎድ አድርግ፣ ውሃ እንደምትጠጣበት፤
አትምታት፣ አንኳኳላት፤ ድምፁ ጥፊ ከሆነ ተሳስተሃል፤
ከውስጥ እንደ ባዶ እንስራ ካስተጋባ፣ ያኔ አክታው ይላቀቃል።»

እጄን አየሁት፤ ግራሶ የበላው፣
ጥፍሬ ሥር የሃያ ዓመት ጥቁር ያለው።
በኦሞ አጠብሁት፣ በአሸዋ ፈተግሁት፣
ከዚያ በልጄ ጀርባ ላይ፣ ፈራ ተባ እያልሁ፣ አሳረፍሁት።
ዱብ ዱብ ዱብ፤
ጭኔ ላይ በጎኗ አጋድሜ፣ በግራ፣ ከዚያ በቀኝ፤
ዱብ ዱብ ዱብ፤
ጠዋት፣ ከሰዓት፣ ማታ፣ እንቅልፍ ሳይወስደኝ።

ድምፁ በጭቃው ግድግዳ ዘለቀና፣
ጋሽ ውበቴ አንድ ማታ በራችንን በከዘራ ደበደበና፣
«ሕፃን ልጅ ይመታል? አንተ አረመኔ!»
የዝና ምንም አልመለሰች፤ እጁን ይዛ ጎተተች፣
ጆሮውን ከትንግርት ጀርባ ለጠፈች።
ሰማው፤ እንደ ረጠበ ደንገል የሚንሿሿውን።
ቆየና ከዘራውን አስቀመጠ፤ አጣጥፎ ተቀመጠ እግሩን፦
«በል ቀጥል። እኔ እቆጥርልሃለሁ።»

መብራት ሲጠፋ ደግሞ (በክረምት ይጠፋል)
የኦክስጅኑ ማሽን ጉርምርምታው ይቆማል፤
ከሐይቁ ዳር የእንቁራሪቱ ሁሉ ይሰማል።
ሦስት ሌሊት በይሁኔ ባጃጅ፣ ሲሊንደር ታቅፈን፣ ሮጠናል፤
የጎማ ሠላሳ ብር ነበረበት፤ ተሰርዟል።

አሁን ሦስት ዓመቷ ነው።
ደጊቱ ሌላ ሥራ ሰጠችን፣ ጨዋታ የሚመስል፦
ባዶ ሃይላንድ፣ ግማሽ ውሃ፣ አንድ ስትሮ፤
«ንፊ በላት፤ ውሃው እስኪፈላ፤ ቀስ እያለች፣ ሳትቸኩል።»

በእኔ ሳፋ ውስጥ አረፋ ማለት ቁስል ነው፣
የተወጋውን ጎማ አጋልጦ የሚያሳየው።
አሁን ግን ተደፍቼ አረፋ እለምናለሁ።
ጉንጯን ትነፋለች፣ ትቀላለች፣ ታስላለች፤
ምንም።
እንደገና። ምንም።
ከዚያ አንዲት፣ ጤፍ የምታህል፣ ብቅ አለች።
ትንግርት ጎንበስ ብላ አየቻት፣ ሥራ ላይ እንደምታየኝ፦
«አባ፣ ቀዳዳው ተገኘ» አለችኝ።

እኛ ቤት፣ ውሃው በፈላ ቁጥር፣ የዝና «ተነፈሰች!» ትላለች፤
ትንግርትም ለራሷ ታጨበጭባለች።
ቅዳሜ ከሥራዬ ውላ፣ ሃይላንዷን ታቅፋ፣
አንድ ተማሪ መጣ፣ ሳይክሉን እየገፋ፤
ላብ ያጠመቀው፣ ፊቱን ያኮማተረ፣ ፈተና የረፈደበት፤
«ተነፈሰ» አለኝ።
ልጄ ብድግ አለችና አጨበጨበችለት።