የመቶ መስመር ዋጋ

መቶ መስመር ብጽፍ፥ ሁለት ነሐስ ለእኔ፤
ጠብታ ከታየ፥ አንዱ ለኵነኔ።
ውላችን ይኸው ነው። ከካርቴጅ ወደብ
የጨው ዓሣ ሽታ ሲወጣ ሽቅብ፥
ነፍስን እንደ በቅሎ ጥርሷን እየቆጠሩ
ሁለት የተማሩ ሰገነት ላይ አደሩ።

እኔ ከጥግ አለሁ፤ ብዕሬ ሸምበቆ፥
ጉልበቴ ላይ ብራና፥ ጆሮዬ ተሰንጥቆ፦
አንዱ ለክርክሩ፥ አንዱ ለወለሉ፤
ከሳንቃው በታች ነው ሴቶቹ ያሉ።
ዳቲቫ፥ ምሽቴ፥ ገመድ ይዛ በእጇ፥
ከትናንት ጀምሮ አልላላም ምጧ።

ዲያቆን ሚጊን አለ፦ «ነፍስማ ዘር ናት፤
እንደ ቀንዲል እሳት አባት ያቀበላት፤
ከአዳም ጓዳ ወጥታ ስትለኮስ ኖራ
ጥቀርሻዋን ሳይቀር ይዛ የምትበራ።
መልክም አላት፥ ጣትም።»
                «ጣትም?» ብሎ ሣቀ
እስክንድርያዊው፥ ጽዋውን አራቀ።
«ነፍስ በብርሃን አገር በፍቅር ስትሞቅ
ሰለቸች፥ ቀዘቀዘች፤ ጀመረች መውደቅ።
ሥጋዋ ምንድን ነው? ብርድ ልብስ ነው ለሷ፥
እስክትሞቅ ድረስ፥ እስኪደርስ መመለሷ።»

የቤቱ ባለቤት፥ ዘይት ሻጭ፥ በእንቅልፉ
«እግዜር አዲስ ቢሠራስ፥ ለያንዳንዱ ባፉ?»
አለና አንኮራፋ። ጻፈው ያለኝ የለም፤
በነፃ የተባለ ቃል መስመር አይሞላም።

እጽፋለሁ። ዘይቱ ሲያልቅ እሞላለሁ።
ነፍሰ ጡር ናት ምሽቴ፤ በልቤ እላለሁ፦
ነፍሱስ ከየት ይሁን፤ ጡሩ ግን የማን ነው?
ጠያቂ ብሆንማ፥ ጥያቄዬ ይህ ነው።
«ነፍስ» ልል «ነፋስ» አልሁ፥ በአንዲት ፊደል ስቼ፤
ልፍቃት ስል፥ ቢላዬን ከአፎቱ አውጥቼ፥

ከታች ጩኸት መጣ።
            ከዚያ ዝም አለ ነገር።
ሳንቃው ዝም። ገመዱ ዝም። ባሕሩ ሳይቀር።

ቀለሙን ደፋሁት፥ ደረጃውን ወረድሁ፤
ናምጊዳን፥ አዋላጇን፥ ተንበርክካ አየሁ።
ሕፃኑ ሐምራዊ፥ እንደ ማቅለሚያ ዛጎል፥
ቁልቁል ተይዟል፥ ጭንቅላቱ እንደ ቅል።
አንድ ፊደል አታውቅም። አፏን ከአፉ ገጥማ
መጠጠች፤ ተፋች፤ እፍ አለች፤ ደግማ።
እፍ።
እፍ።
አስነጠሰ።
«ይማርህ» አለችው፥ ፊቱን እያበሰች፤
ስለ ነፍስ በዚያ ሌሊት ይህን ብቻ አለች።

ጡጫውን ጨበጠ፤ አባቴ ነው፥ አልሁኝ፥
ልብስ አጣቢው አባቴ፥ ሲቆጣ የሚመታኝ።
ሚጊን ረታ ማለት ነው። ግን ዓይኑን ሲገልጥ፥
ከሩቅ እንደ መጣ፥ በር ላይ እንደሚቀመጥ
እንግዳ ሆኖ አየኝ፥ ስሜን እንደ ረሳ፤
በብርድ ተንቀጠቀጠ ያ ሚጢጢ አንበሳ።

ላይ ቤት የተማሩት ገና ይሟገታሉ፤
ታች ቤት የተማረው ጡት ይስባል በኃይሉ።

ሲነጋ፥ ብራናው ጥቁር ነጠብጣብ፤
አንድ ነሐስ ቀረ፤ ይኸው ነው ሂሳብ።
«ነፋስ» ያልሁት ቃል ግን ከቀለሙ ተርፎ
ቁጭ ብሏል በመስመሩ፤ ሁሉም ያነባል አልፎ።
ቢላዬን አነሣሁ።
ተውሁት።