አጥንት የሌለው ዓሣ

ሐይቅ ዳር ተወልጄ፣ ሐይቅ ዳር ያደግሁት፣
ዓሣን ከነነፍሱ በዓይኔ ነው የበላሁት።
አባቴ ይመር ሙሄ በሌሊት ገስግሶ፣
ታንኳ ቀዝፎ ቀዝፎ ያወጣው ቆሮሶ፣
ባይሱዙ ተጭኖ፣ በረዶ ተንተርሶ፣
ደሴ ሆቴል ገብቶ ይበላል ተጠብሶ።
ለእኛ የሚተርፈን የመረቡ ሽታ፣
ክንዱ ላይ የቀረች ቅርፊት እንደ ስሙኒ፣
ሽሮ ደግሞ ማታ።

ሽሮን አላማትም፣ በሷ ነው የቆምኩት፤
እንድሪስ ነው እንጂ አንድ ምሽት ድስት
ገልጦ፣ አጎንብሶ፣ ልክ እንደ ጎረቤት
«ዛሬም አንቺው ነሽ ወይ?» ብሎ የጠየቃት።

እናቴ ጦይባ ሰማች። አልተቆጣች።
ሽሮዋን ከድና በጓሮ በር ወጣች፤
ከእትዬ የሻረግ የጾም ብልሃት ተውሳ፣
«ዓሣ ነው ራታችን» አለችን ተመልሳ።
ለየሻረግ ጾም ነው፣ ለእኛ የኪስ ነገር፤
ዘይቱ መች ይለያል የማን ቤት እንደሚያር።

የሽምብራ ዱቄቱን ከሽንኩርት ለውሳ፣
በባዶ ጠርሙስ ዳምጣ፣
ባሮጌ ጣሳ ክዳን ቆረጠችው ዓሣ።
በማንኪያ ጫፍ ወጋግታ ቅርፊት አለበሰች፣
ለዓይኑ ጥቁር አዝሙድ አንዳንድ ፍሬ ለገሰች።
አንደኛው ሲጠበስ አፉ ተጣመመ፤
«ይኼ እንድሪስ ነው» አለች፣ «ሽሮ ያየ ጊዜ።»
ቀዩ ቁሌት ፈላ። ዓሦቹም ዘለሉ፣
ገቡ ተከታትለው፤ ላየ ይዋኛሉ።

ልንዘረጋ ስንል እጃችንን ያዘች።
«ዓሣ ያለ ወሬ አይበላም» አለች።
«የት እንዳጠመደው ሁሉም ይንገር በተራ፤
እውነት ያወራ እንደሁ፣ ይብላ ደረቅ እንጀራ!»

እንድሪስ ቀደመ፦ «ይኼን ያገኘሁት
ደሴ፣ ፒያሳ ላይ፣ ታክሲ ሲጠብቅ ነው፤
ዝናቡን ፈርቶ ጃንጥላ ይዞ ነበር።»
ሉባባ ቀጠለች፦ «የኔ ባቲ፣ ሰኞ ገበያ፣
ግመል ሊገዛ ወርዶ፣
ዋጋ ሲከራከር በጨው ነጋዴ ተያዘ።»
እኔም ዓሣዬን በጭራዋ አንስቼ፦
«ይቺ ልትመነኩስ እስጢፋኖስ ሄዳ፣
ሴት ነሽ ብለው ከበር የመለሷት ናት።»

(በኋላ በኋላ ገንፎም ሐይቅ ሆነ፤
ቂቤው ላይ ባቄላ በታንኳ ተጫነ፤
ግድቡን የናደ እጁ እየተለበለበ...
እሱን ሌላ ቀን።)

በሩ ሲጥ አለና አባቴ ገባ።
እግሩ ጭቃ። መረቡ ትከሻው ላይ። እርጥብ።
ገና ሳይቀመጥ ሕጉን ጮህንበት፣
«ዓሣህን ከየት ነው ያጠመድከው? ንገር!»

ድስቱን አየ። እናቴን አየ። ቆየ።
«ዛሬ» አለ፣ «ጎሕ ሳይቀድ ወጥቼ፣
ሦስት ጊዜ መረቤን ከጥልቁ ጥዬ፣
ውሃ ነው የሳብኩት። ውሃ ብቻ።
አንድም አልያዝኩ ልጆቼ።»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ! «ዋሸ! አባ ዋሸ!»
«ዓሣው እዚህ ሞልቶ!» ሉባባ መሬት ደበደበች፤
እንድሪስ ፈረደ፦ «አንደኛ ውሸታም!»
አፈ ጠማማውን፣ ትልቁን፣ ሸለመው።
እናቴ አልሳቀችም። ወደ ማታ ገደማ
ውሃ ቀድታ ስትመጣ፣ ታንኳው ቀሎ ቀሎ
ሲመለስ አይታው ነበር።

አባቴ ጎረሰ። አላመጠ ቀስ ብሎ።
ድንገት ቆም አለና፣ ፊቱን ኮሶ አስመስሎ፣
በሁለት ጣት ካፉ አንዳች ነገር መዞ፣
ወደ ኩራዙ ብርሃን ከፍ አድርጎ ይዞ፣
አጥንት፣ ያልነበረ አጥንት፣ ቀጭን፣ ረጅም፣
መረመረው፤ አኖረው ከትሪው ጠርዝ ላይ።

ማዕዱ ሲነሳ እናቴ ጦይባ
ፍርፋሪውን ሁሉ በእጇ ጠርጋ ጠርጋ፣
እዚያች ጠርዝ ስትደርስ መዳፏን አንስታ
ዞራ አለፈቻት።