ካሜራ ዘጠኝ

ደሴ ፎቅ ላይ ሆኜ፣ መስኮቱን ጉም ሲያለብስ፣
ሐረጎን በዓይኔ ወርጄ ስመለስ፣
የኮምቦልቻ በሮች አስራ ስድስቱ ሁሉ
ጠረጴዛዬ ላይ ተደርድረው ያድራሉ።

ድሮ ሳይረን ነበር፤ ድመት ስትዘል ጩኸት፣
ነፋስ ቆርቆሮውን ሲነቀንቅ ጩኸት፤
ሰፈሩ ለምዶት፣ ጆሮውን በብርድ ልብስ
ሸፍኖ ይተኛል ጎህ እስኪቀድ ድረስ።

አሁን እኔ አለሁ፤ አያለሁ፣ እለያለሁ፤
«አንተ ባለ ኮፍያ!» ብዬ እጣራለሁ።
ሌባው ሰማይ ያያል፣ ግንብ ሥር ይፈዛል፣
በስሙ የጠራሁት ይመስል ይሮጣል።

ዛሬ ግን፣ ሌሊቱ ከገፋ በኋላ፣
ካሜራ ዘጠኝ ላይ ብቅ አለ አንድ ጥላ።
ጋቢ፣ ዱላ፣ ባትሪ፤ አረማመዱ ዝግ፣
ድንጋዩን አራግፎ ተቀመጠ ከጥግ።

ጋሽ ሙሄ።

በሩን አስራ ሰባት ዓመት የጠበቀው፤
የእኔ መቀጠር ነው እንጀራ የነጠቀው።

«ከግቢው ይራቁ» በይ ይላል መመሪያዬ።
ማይኩን ከፈትኩት፤ ከዳኝ ጉሮሮዬ።
«ጋሽ ሙሄ…» ብቻ አልኩ።

ቀና አለ ወደ እኔ፣ ባትሪውን አብርቶ።
ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አያለሁ።
ካሜራው ጆሮ የለውም።

መዝገቡ ላይ ጻፍኩ፦
ዘጠኝ ከሃያ። ድመት።