አለፈ

አንበጣ በመጣ፣ በዚያ በጥቅምት ወር፣
የኮምቦልቻ ሰማይ ገበያ ነበር።
ወትሮ በቀን አንዴ ሲያርፍበት የኖረ
ያ ጠባብ ሜዳችን በክንፍ ተቸገረ፤
ሁለቱ መድኃኒት ረጪ፣ አንዱ ዱቄት የጫነ፣
አንዱ የሐኪሞች፣
አንዱ ለምን እንደመጣ ለእኔ ግልጽ ያልሆነ።

እኔ ጦይባ ይመር፣ የማማው ተረኛ፤
ራዳር የለኝ። ያለኝ ሬዲዮና መነጽር፣
አንድ የግድግዳ ሰዓት፣ እሱም እንቅልፈኛ።

የእኛ አገር ሰው ቃል አይወድም አንድ ሆድ ብቻ ያለው፤
አጎቴ አሊጋዝ በሠርግ በሽምግልና የሚታወቀው
አንዱን ቃል ገልብጦ፣ በሆዱም በጀርባውም አስነብቦ ነው።
ማማ ላይ ግን መጀመሪያ የሚነጥቁን ይሄንን ነው፦
አንድ ቃል፣ አንድ ፍቺ።
"ሁለተኛው ፍቺ ውስጥ ሬሳ አለ"
አለን አስተማሪያችን፣ ሳይስቅ።

"ቦርከና እጥፋት ላይ ነኝ" አለ ዋሲሁን፣ ታንኩን ባቲ ላይ አራግፎ።
"ቦርከና እጥፋት ላይ ነኝ" አለ መናን፣ የሐረጎን ጉም በሥሩ አልፎ።
ቦርከና ደግሞ እንደ ባላገር ሙግተኛ ነው፤
ቀጥ ብሎ አይናገር፣ እየዞረ ነው የሚሄደው።
አንዱን ላይኛው፣ አንዱን ታችኛው መታጠፊያ ላይ አስቀመጥኩ፣
በእርሳስ፣ በወረቀት ላይ። ተራራቁልኝ። እፎይ አልኩ።

እነሱ ግን አንድ መታጠፊያ ላይ ነበሩ።

መነጽሩን ሳነሳ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ጭስ፣ ከጀርባው ፀሐይ፤
ከዚያ መሐል አንድ አውሮፕላን።
አንድ ብቻ።
ግን አራት ክንፍ ያለው።

"ዋሲሁን፣ ቀኝ! አሁን!"
ድምፄ የኔ አልነበረም፤ የገበያ ሴት ድምፅ ነበር፣
ልጇ መኪና ፊት የገባባት።
ሬዲዮው ተንጫጫ። ዝም አለ።
ከዚያ አንድ ሰው፣ የትኛው እንደሆነ ያልለየሁት፣
"አለፈ" አለ።

አለፈ።
ክረምት ያልፋል። አውቶቡስ ያልፋል፣ እጅሽን ዘርግተሽ እንደቆምሽ።
ልጅ ፈተና ያልፋል፣ ሰፈሩ እልል ይላል።
ማታ ደህና እደሩ ብሎ የተኛ ሰውም፣
ጠዋት ደጁ ላይ ድንኳን ሲተከል፣
"አለፈ" ይባላል።
እንቅልፈኛው ሰዓት አንድ አለ።
የትኛው ማለፍ ነው?
ሁለት።
ማን? በማን በኩል?
ሦስት።

"በላዬ አለፈ። ጎማውን አየሁት። ጭቃ አለበት።"

አረፉ። ዋሲሁን ሣሩ ላይ ተቀምጦ ጫማውን አወለቀ፤
መናን ክብሪት ለመነ፤ ሲጋራ ግን አልነበረውም፣
ክብሪቱን እንደያዘ ደረቀ።
ቅጹ ላይ "የተገመተ ርቀት" የሚል ባዶ ቦታ ነበር፤
አንዱ ሠላሳ ሜትር አለ። ሌላው "ቁመቴን" አለ፤ ሊከራከር
ጀመረና ተወው።

በማግሥቱ አንድ ገበሬ መጣ፣ ቆርቆሮውን እንደያዘ፣
አንበጣ ሲያባርር ሰንብቶ ክንዱ የደነዘዘ።
"ሁለት ጥላ ማሽላዬ ላይ ተጋጨ፤ አንድ ሆነ፤ ደግሞ ተላቀቀ፤
አንድ ዛላ እንኳ አልወደቀ።"
"ካሳ የለም" አለው ዘበኛው።
"ካሳ መች ጠየቅኩ? ያየሁትን ለማን ልንገረው?"

አንበጣው ሄደ። ክንፎቹም ሄዱ።
ሜዳችን ወደ በቀን አንዴው ተመለሰ።

ዘንድሮ በግንቦት፣ ሌሊት፣ ከደሴ ስልክ ተደወለ።
እህቴ ናት። ስለ አጎቴ አሊጋዝ።
"አለፈ" አለች።

አንድ።
ሁለት።
ሦስት።
ስልኩን ከጆሮዬ አልለየሁም፤
ስለ ጎማ፣ ስለ ጭቃ የሚነግረኝ ግን አልነበረም።