ወርድ የሌላት ቅጽበት

ቤር ሼቫ፣ ሰኔ ላይ፣ ፈተና ሊደርስ፣
የበረሃ አቧራ መስኮቱን ሲዳስስ፣
ወጥ ቤት ጠረጴዛ ደብተሬን ዘርግቼ
አንድ ጥያቄ ላይ ቀረሁ ተጎልቼ፦
«አንዲት ነጥብ ብቻ ብትመርጪ ከመስመር፣
ዕድሏ ስንት ነው? አስረጂ በቁጥር።»

ዜሮ ብዬ ጻፍሁኝ። መልሱስ ትክክል ነው።
እርሳሴን ግን እንጃ፣ አንድ ነገር ያዘው።

እናቴ ትርንጎ፣ መነጽሯን ሰክታ፣
ሰማያዊ ካርዷን ከቦርሳ አውጥታ፣
«ነገ ጡረታ ቢሮ ቀኔን ይጠይቃሉ፤
ይኸው ጃንዋሪ አንድ፣ ራሳቸው ያሉ!
የጎረቤታችን የዋጋዬም ይኸው፣
የወንድሜም ይኸው፣ የአባትሽም ይኸው።
አገሬው በሙሉ ባንድ ሌሊት ሲወለድ
አዋላጇ አንድ ናት፤ ወዴት ወዴት ትሂድ?»

ሳቅን።
«ኢማ፣ እውነቱን፣ መቼ ነበር?» አልኋት።

«ስግድ አልፎ ነው አሉ፤ ጎርፉ ሁሉ ሄዶ፣
ወንዙም ለአዋላጇ ከጉልበቷ ወርዶ።
በአራስ ጎጆ ሆና እናቴ ከሩቁ
ሆታ ትሰማለች፣ በሬ ነድተው ሲወቁ።
ሴት ነበርሁና ሰማንያ ቀን ሞልታ
ቤቷ ስትመለስ፣ ፋሲካ ሊገባ ቀርቶት ጥቂት ማታ።
ስንት? እሱን እንጃ።»

እርሳሴን አነሣሁ።
ክረምቱ ላይ ዜሮ፤ መስመሬ ተጋድሟል።
ከስግድ ወዲህ ግን ሽቅብ ጀምሯል።
ከፋሲካ ሰማንያ ወደ ኋላ ስቀንስ
ጉብታ ሠራና ቁልቁል ወርዶ ድርስ።

«ከፍታውን አትዪ፤ ቁመት ዕድል አይደለም፤
ከሥሩ ስፋት ነው፣ ሌላ ሚስጥር የለም።
ጃንዋሪ አንድ እዚህ ነው፤ ጫፉ ሥር ቆሟል፤
የጸሐፊው ብዕር ለጥቂት ስቶሻል።
ቀን እንኳ ወርድ አለው፣ ትንሽ ይመዝናል፤
ቅጽበት ግን ክር ናት፤ ስፋቷ ዜሮ ይሆናል።»

«ዜሮ?» አለች እናቴ፣ ጣቷን ጫፉ አድርጋ፣
«ታዲያ በየትኛው ወጣሁ፣ ሌሊቱ ሳይነጋ?
መቼም ባንዱ ሆኗል።»

መልስ አጣሁ። መጽሐፉም ከዚህ አያልፍም።
ዜሮ ማለት ለካ «አይሆንም» አይደለም።
ከዜሮዎቹ አንዷ፣ ከማዶዬ ሆና፣
አፍንጫዋ ላይ መነጽር አዘቅዝቃ
ኩርባውን ከዳር እስከ ዳር በጥፍሯ ትከተላለች።

«ከሥሩ ያለውስ፣ ሁሉም ሲደመር?»
«አንድ።»
«አንድ ብቻ?»
«አንድ።»
«ይበቃኛል» አለች።

ገጹን ቀደደችው፤ አራት አድርጋ አጥፋ
ከካርዷ ጋር ከተተች፣ ለነገ ወረፋ።

የቤት ሥራዬ ነበር።