ጸደቀ

በቡሬ ከተማ ዳር፣ ከችግኝ ጣቢያው ደጅ፣
እኔ ነኝ ባለምላጭ፣ የቅርንጫፍ ወዳጅ።
ያገሩን አቮካዶ ከወገቡ ቆርጬ፣
ከሩቅ የመጣ ቀንበጥ ስንጥቁ ላይ አስቀምጬ፣
በላስቲክ እጠፍራለሁ፤
ሃያ አንድ ቀን እጠብቃለሁ።
ካልያዘ ይጠቁራል። ከያዘ፣ «ጸደቀ» ነው።
ቄሱ ለነፍስ ሲሉት፣ እኔ ለተክል ብዬ፣
ሠላሳ ዓመት ጠራሁት ከችግኝ ጋር ውዬ።

ዘንድሮ ግን ቃሉ ወደ ልጄ ዞረ፤
የዝና መቅኔዋ ደም መሥራቱ ቀረ።
ድዷ ይደማል፣ ጭኗ ይበልዛል ሳትመታ፤
ሁለት በሬ፣ አንድ ሱቅ ተሸጦ፣ ህንድ ገባች ባንድ ማታ።
አብሯት የሄደው ታናሿ ነው፣ አንሙት።
(ስሙን ሳወጣለት፣ ከሱ በፊት ሁለት ቀብሬ ነበር።)
ከቤቱ ሁሉ የሱ ብቻ ገጠመ፤
አምስት ቀን መርፌ ወጉት፤ አጥንቱ ታመመ።

ለሷ ደግሞ አሮጌውን መቅኔ በመድኃኒት አጠቡት፣ ባዶ እስኪቀር።
ገባኝ። አረሙ ሳይነቀል
አዲሱ የት ያርፋል?

ከዚያ አንድ ከረጢት፣ ብርሌ እንኳ የማይሞላ፣
በደም ሥሯ ጠብ ጠብ አለ፣ ከቀትር በኋላ።
አንሙት በስልክ ነገረኝ፦ «አባ፣ አጥንቷ ድረስ
የሚመራው የለም፤ ራሱ ነው የሚደርስ።»
ንብ ነው እንግዲህ አልኩ፣ ቀፎውን የሚያውቅ፤
ደግሞም የሚኮበልል፣ ካልተመቸው የሚለቅ።

ሐኪሟ ጎበዝ ናት። «ዘሩ እንዳያንስ» ትላለች፣
«ሰውነቷ እንዳይገፋው» ኪኒን ታክላለች፣
የሚያነቃ መርፌ ትጨምራለች።
እኔም ዳስ እሠራለሁ፣ ፀሐይ እንዳይገርፈው፣
ውሃ እመጥናለሁ፤ የቀረውን አላውቀው።

ቁጥር ሆነ ኑሮዬ። ነጭ የደም ሴል፦
ዜሮ። ዜሮ። ዜሮ። ሃያ። ደግሞ ዜሮ።
አፏ ቆስሎ በወረቀት ትጽፋለች አሉ።
«አምስት መቶ ካለፈ ሦስት ቀን ተከታትሎ፣
ያኔ ነው» አለኝ ልጁ፣ ድምፁ ተንጠልጥሎ።

ሠራተኞቼን ስንቴ ተቆጥቻለሁ፦
«ሥር ሰዶ እንደሁ ለማየት ችግኝ አይነቀልም!»
እኔው ግን በቀን ሦስቴ በስልክ እነቀንቃታለሁ።

አሥራ ስድስተኛው ቀን፣ አምስት መቶ አሥር።
አሥራ ሰባት፣ አምስት መቶ ሰማንያ።
አሥራ ስምንት፣ ኔትወርክ ጠፋ።
ኮረብታው ላይ ወጣሁ፣ ስልኬን ወደ ሰማይ ዘርግቼ፤
ምንም።
ማታ ተመልሼ አንዱን ላስቲክ ፈታሁ። ነውር ነው፣ ዐውቃለሁ።
መጋጠሚያው ላይ ነጭ ጠባሳ፣
ጫፉ ላይ የጤፍ ፍሬ የምታህል አረንጓዴ።

በማግስቱ ስልኩ ጮኸ፣ ተቋረጠ፣ ጮኸ።
«የትናንቱ ስድስት መቶ አርባ፣ አባ።»
ደሟ ከእንግዲህ ያንሙት ነው አሉ፤
ፊቷና ቁጣዋ የራሷ።

ጭቃው ላይ ተቀመጥኩ።
«ጸደቀ» አልኩ ጮክ ብዬ።
ውሃ አጠጪው ደሳለው ባልዲውን አኑሮ፣
ረድፉን ሁሉ በዓይኑ ዞሮ፣
«የትኛው ነው ጋሼ?» አለኝ።